ጾሙ ሲፈታ በያይነቱ የት ይገባል?

በዓለ ሃምሳ ውስጥ ነበርን። ከሎስ አንጀለስ የመጣችውን የእህቴን ልጅ ይዤ ቦሌ አካባቢ ወደሚገኝ አንድ ምግብ ቤት ገባሁ። ልጅቱ ቪጋን ናት፤ ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላልም ሆነ ቅቤ አትቀምስም። በያይነቱ አዘዝን። አስተናጋጁ በትሕትና «ጾሙ እኮ ተፈቷል፤ የጾም የለንም» አለን። ሽሮስ? አለ፣ ግን በቅቤ ተሠርቷል። ምስርስ? እሱም የለም። በመጨረሻ እንጀራ በአዋዜና ሰላጣ ቀረበላት።

«አጎቴ፣ እኛ ጋ እኮ ይሄ ዓመቱን ሙሉ አለ» አለችኝ። እውነቷን ነው። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሊትል ኢትዮጵያ በሚባለው ሰፈር ራሔል፣ ብሩክሊን ውስጥ ቡና ካፌ፣ ቴል አቪቭ ውስጥ ቴናት የተባሉት ምግብ ቤቶች ሥጋና ቅቤ ጭራሽ በማይገባበት የኢትዮጵያ ገበታ ስም ያተረፉ ናቸው። ደንበኞቻቸው አብዛኞቹ የእኛን ጾም አያውቁትም። የሚመጡት ምስሩና ጎመኑ ስለጣማቸው ነው። ምግቡ የተወለደበት ከተማ ግን ፋሲካ ሲደርስ ከምግብ ዝርዝሩ ላይ ይፍቀዋል። ይህ ያሳዝነኛል፤ ሊለወጥ የሚችል ስለሆነ ደግሞ ያናድደኛል።

አዲስ አበባን የሚያህል ለቪጋን ተመጋቢ የተመቸ ትልቅ ከተማ የለም ብዬ አምናለሁ። የሁዳዴን 55 ቀናት፣ የነቢያትን፣ የሐዋርያትንና የፍልሰታን ጾም፣ ከዚያም ረቡዕንና ዓርብን ስንደምር የጾም ቀናት ቁጥር በዓመት ከ180 ያልፋል። በእነዚህ ቀናት ከትልቁ ሆቴል እስከ መንደር ሽሮ ቤት ድረስ ከእንስሳት ተዋጽኦ ነፃ የሆነ ምግብ ሳይፈልጉት ይገኛል። ደግሞም «የጾም» የሚለው ቃል ከየትኛውም የፋብሪካ ምልክት ይበልጥ የታመነ ነው። አጥባቂ የሆነች ወጥ ቤት የጾሙን ድስት ከፍስኩ ትለያለች፤ ቅቤ የነካውን ማማሰያ ወደ ሽሮው አታስገባም። እንግዳ ሰው መጠንቀቅ ያለበት ከዓሣ ነው፤ ብዙ ምግብ ቤቶች ከጾሙ ጋር አሰልፈው ያቀርቡታልና።

የት ልብላ ለሚለኝ ሰው መጀመሪያ የምጠራለት ፒያሳ ያለውን ጣይቱ ሆቴልን ነው። በአገራችን የመጀመሪያው ሆቴል ነው፤ በ2007 ዓ.ም. ጥር ላይ የደረሰበትን ቃጠሎም አልፎ ቆሟል። በምሳ ሰዓት ጾም ፍስክ ሳይል ሲደረድረው የኖረው የአትክልትና የጥራጥሬ ገበታ በውጭ አገር መንገደኞች ዘንድ ሳይቀር ስሙ የታወቀ ነው። አንድ ሆቴል ይህን ያህል ዘመን ከቻለ ሌላውን የሚከለክለው ምንድን ነው?

ሌላም የሚከነክነኝ ነገር አለ። በጾም ወቅት እንኳን የሚቀርብልን ገበታ እየሳሳ መጥቷል። ሩዝ፣ ፓስታ፣ የተጠበሰ ድንች፣ አንድ ጭልፋ ምስር፣ አንድ ጭልፋ ጎመን፤ ከዚያ «የጾም ቡፌ» ይባላል። የእናቶቻችን የጾም ማጀት እንዲህ አልነበረም። ሱፉ ታምሶ፣ ተወቅጦ፣ በውኃ ተበጥብጦና ተጣርቶ እንጀራ ሲፈተፈትበት ወተት የሚያስንቅ ነበር። ስልጆ የባቄላ ዱቄት በሱፍ ውኃ ከተሠራ በኋላ ሰናፍጭና ነጭ ሽንኩርት ገብቶበት ለቀናት ይብላላል፤ አፍንጫ ድረስ የሚወጣው ያ ኃይሉ የሚመጣው ከዚሁ ጥበቃ ነው። እልበት እየተመታ ይነጣል። የሽምብራው ሊጥ በዓሣ ቅርጽ ተቆርጦ ይጠበስና ሽንኩርቱ ለረጅም ጊዜ የተቁላላበት ቀይ ወጥ ውስጥ ይገባል፤ የሽምብራ አሳ ይሉታል። እስቲ ከእነዚህ አራቱ ውስጥ ሁለቱን እንኳን በአንድ ገበታ ላይ የሚያቀርብ ስንት ምግብ ቤት እናውቃለን? እኔ አዲስ አበባ ውስጥ ስልጆ ስፈልግ የምሄደው ወደ ዘመድ ቤት ነው።

ምግብ ቤቶች የሚሰጡትን ምክንያት ሰምቻለሁ። ሁለት ወር ገደማ የጾመ ሰው በፋሲካ ማግስት ሥጋ ነው የሚፈልገው፣ የተሠራው የጾም ወጥ ይደፋብናል ይላሉ። ዘይቱም ምስሩም ውድ በሆነበት በዚህ ጊዜ ስጋታቸውን አልንቅም። ነገር ግን በያይነቱን የሚወደው ጿሚ ብቻ አይደለም። ሙስሊሙም ፕሮቴስታንቱም ያዝዘዋል። ሪህ ወይም የደም ግፊት ይዞት ሐኪም ሥጋ ቀንስ ያለው ሰው በበዓለ ሃምሳም ምሳ ይበላል። በየጊዜው ለስብሰባ የሚመጣው የውጭ እንግዳም የእኛን የጾም አቆጣጠር አያውቅም። ደግሞ ሠላሳ ዓይነት ወጥ ይደርደር አላልኩም። ቅቤ ያልነካው ሽሮ፣ አንድ ምስር፣ አንድ ጎመን በየቀኑ ይኑር፤ በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ ሱፍ ወይም የሽምብራ አሳ ይሠራ። ሽሮ እንደሆነ ዱቄቱ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል፤ ሰው ሲያዝዝ በደቂቃዎች ውስጥ ይደርሳል። በዝርዝሩ ላይም ቅቤ ያለበትና የሌለበት ለየብቻ ተጽፎ ቢቀመጥ እንግዳው አስተናጋጁን ከመለማመጥ ይድናል።

የእህቴ ልጅ በቀሩት ቀናት እናቴ ቤት ነው የበላችው። እናቴ ሱፉን ራሷ ወቀጠችላት፤ ልጅቱም አጠገቧ ቁጭ ብላ አሠራሩን በስልኳ ቀረጸች። ወደ ሎስ አንጀለስ የተመለሰችው ጰራቅሊጦስ ሊደርስ 12 ቀን ሲቀረው ነው፤ ያ ምግብ ቤት በያይነቱውን ገና አልጀመረም ነበር።