ዋስ አለ፣ ጠበቃ የለም

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ስቴት ውስጥ በፍርድ ቤት አስተርጓሚነት እሠራለሁ። ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢው ሐበሻ የበዛበት ስለሆነ አማርኛ የሚያስተረጉም ሰው ሥራ አያጣም። እረፍት ሳገኝ ደግሞ ባሕር ዳር፣ እናቴ ዘንድ እመጣለሁ። ሁለቱንም ቦታ እያየሁ አንድ ነገር ይከነክነኛል፤ ሰው ተይዞ ገና ሳይፈረድበት የሚያሳልፋቸው የመጀመሪያዎቹ ቀናት። ጉዳዩ የሚቃናውም የሚበላሸውም በአብዛኛው ያኔ ነው።

በወረቀት ላይ ያለው ሕግ ያን ያህል አይራራቅም። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። የመንገዱ ጊዜ አይቆጠርም፤ ደቅ ደሴት ላይ ተይዞ በጀልባ የሚመጣ ሰው ጣና ላይ ያሳለፈው ሰዓት ከ48ቱ ውጭ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1991 እ.ኤ.አ. ያለ ማዘዣ ለተያዘ ሰው ያንኑ 48 ሰዓት ወስኗል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ለመያዙ በቂ ምክንያት መኖሩ በዳኛ ወይም በፍርድ ቤት ሹም ይታያል። ሜሪላንድ አሳጥራ 24 አድርጋዋለች። ኮሚሽነር የሚባል የፍርድ ቤት ሹም ሌሊትም እሁድም ይሠራል። እሱ ካልለቀቀው፣ ፍርድ ቤት በሚከፈትበት በሚቀጥለው ቀን ዳኛ ያየዋል።

«አሜሪካ እንዲህ ነው» የሚለኝን ሰው ግን የትኛው ስቴት ብዬ እጠይቃለሁ። እኛ ዘንድ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ባሕር ዳርም ጅግጅጋም ያው ነው። እዚያ ከሜሪላንድ ወንዝ ተሻግረው ቨርጂኒያ ሲገቡ ሕጉም ሥነ ሥርዓቱም ሌላ ነው። ኢሊኖይ በመስከረም 2023 እ.ኤ.አ. የገንዘብ ዋስትናን ጨርሳ አስቀርታለች። ብዙዎቹ ስቴቶች ግን ዛሬም ገንዘብ ይጠይቃሉ።

ይህ የገንዘብ ነገር በጣም ያሳዝነኛል። ቤተሰቡ ሙሉውን ማስያዝ ካልቻለ ለዋስትና ድርጅት ብዙውን ጊዜ 10 በመቶ ይከፍላል። ልጁ ነፃ ቢወጣም ያ ብር አይመለስም። እሱንም ያጣ እስር ቤት ይከርማል። ካሊፍ ብራውደር የሚባል የኒውዮርክ ልጅ በ2010 እ.ኤ.አ. ቦርሳ ሰርቀሃል ተብሎ ሲያዝ ዕድሜው 16 ነበር። የተጠየቀው 3,000 ዶላር ነው። ቤተሰቡ ያን ያህል ገንዘብ አልነበረውም። ችሎት ፊት ቆሞ ሳይከራከር ሦስት ዓመት ያህል ታሰረ፤ አብዛኛውን ጊዜ ለብቻው ተዘግቶበት። በ2013 ክሱ ተነሣለት። በ2015 ራሱን አጠፋ። ይህን ታሪክ ባሰብኩ ቁጥር ሆዴ ይባባል። ሜሪላንድ በ2017 እ.ኤ.አ. ዳኞች ተከሳሹ ሊከፍለው የማይችለውን ገንዘብ ጠይቀው እንዳያስቀሩት ደንብ አውጥታለች። ከዚያ ወዲህ ግን ያለ ዋስትና የሚያዙት በዝተዋል።

ባሕር ዳር ዋስ ማለት ሰው ነው። ባለፈው ስመጣ የጎረቤታችን ልጅ፣ ባጃጅ ሹፌር ነው፣ ከሌላ ሹፌር ጋር ተደባድቦ ጣቢያ ገባ። የሌላው ልጅ እጅ ተሰብሯል። ሰፈሩ ሁሉ ተነሣ። አክስቱ ጠዋትና ማታ ምግብ ታመላልሳለች። አጎቱ ደመወዙን የሚያስይዝ የመንግሥት ሠራተኛ ፍለጋ ይዞራል። ሽማግሌዎች የተጎዳው ልጅ ቤት ሄደው ይቅርታ ጠየቁ፣ የሕክምናውን ወጪ ተነጋገሩ። ሜሪላንድ ይህ የለም። ለእስረኛ ምግብ ይዛ የምትሄድ እናት የሚቀበላት አታገኝም፤ ልጇንም በብዙ ቦታ የምታየው በስክሪን ነው።

ያን ሁሉ ሲሯሯጥ የዋለ ዘመድ ግን ጠበቃ የሚል ሐሳብ አልመጣለትም። ልጁ በመጀመሪያው ሌሊት ብቻውን ሆኖ ለመርማሪው ቃሉን ሰጠ። ዝም የማለት መብት እንዳለው የነገረው እንደሌለ ኋላ ነግሮኛል። በማግስቱ ችሎት ቀረበ። መርማሪው ምስክር ይቀረኛል ብሎ ጊዜ ቀጠሮ ጠየቀ። የ1954ቱ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ አይሰጥም ይላል፤ ስንት ጊዜ እንደሚፈቀድ ግን አይናገርም። ልጁ «ጥፋተኛ አይደለሁም» ከማለት ሌላ የሚለው አልነበረውም። ተቀጠረበት።

እኔ በዚያች ደቂቃ ሜሪላንድ ውስጥ የማስተረጉመውን አውቀዋለሁ። ጠበቃው ተነሥቶ ሥራ አለው፣ ቋሚ አድራሻ አለው፣ ከዚህ በፊት ተከሶ አያውቅም፣ እናቱ እዚህ ተቀምጣለች ይላል። ዳኛው ይህን ሰምቶ ነው የሚወስነው። ባሕር ዳር ላይ ይህን ሁሉ የሚያውቁት ሰዎች ከበር ውጭ ሳህን ይዘው ቆመው ነበር። ለዳኛው የነገረላቸው ሰው አልነበረም።

በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 20 ጠበቃ ለማቆም አቅም ለሌለውና ፍትሕ ሊጓደልበት ለሚችል ተከሳሽ መንግሥት ያቆምለታል። በተግባር ግን ተከላካይ ጠበቃ በአብዛኛው የሚመጣው ክስ ከተመሠረተ በኋላ ነው። ያኔ የመጀመሪያው ሌሊት ቃል መዝገብ ውስጥ ገብቷል። ሜሪላንድም ይህን የሀብት ትርፍ ስላላት አላደረገችውም። ድሃ ሰው ኮሚሽነሩ ፊት ጠበቃ ይኑረው የሚለው ክርክር ዓመታት ፈጅቶ በ2013 እ.ኤ.አ. ነው በስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የተወሰነው፤ ወጪው አይቻልም የሚሉ ብዙ ነበሩ።

ክልሉ ከባድ ጊዜ ላይ እንዳለ አውቃለሁ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መያዝን ፈቅዶ፣ ተራዝሞም አሥር ወር ቆይቷል። እሱ ራሱን የቻለ ትልቅ ጉዳይ ነው። እኔ የማወራው ስለ ድብድብና ስለ ስልክ ስርቆት፣ በየሳምንቱ ጣቢያ ስለሚሞላው ተራ ጉዳይ ነው። ለዚህ ጠበቆች ተራ ገብተው፣ ቅዳሜና እሁድን ጨምሮ፣ ጣቢያ ድረስ ቢመጡ ብዙ ነገር ይለወጣል። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ተማሪዎችም በር ላይ የቆመውን ዘመድ ጠይቀው አንድ ገጽ ሊጽፉለት ይችላሉ፤ የት ይሠራል፣ የት ይኖራል፣ ማን ዋስ ይሆነዋል። እኛ ውጭ ያለነውም ዘመድ ታሰረ ስንባል የምንልከው ብር በመጀመሪያው ቀን ለጠበቃ ይሁን ብንል ጥሩ ነው።

ልጁ ከሁለተኛው ቀጠሮ በኋላ በዋስ ወጥቷል። አሁን ጠበቃ ተይዞለታል። ጠበቃው የጀመረው ያን ሌሊት የሰጠውን ቃል በመቃወም ነው።