ካዝናው ይወልቃል?

ፒያሳ፣ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ትንሽ ወረድ ብዬ ማኪያቶ ይዣለሁ። (የድሮዋ ፒያሳ የቀረችው ጥቂት ናት፣ እሱን ሌላ ጊዜ እናለቅሳለን።) አጎቴ አጠገቤ ተቀምጠው አሁንም ይስቁብኛል። "ጠመንጃ ልገዛ ብለህ በጥይት ካዝና ተሸነፍክ?" ይሉኛል።

የምኖረው ፈረንሳይ፣ ሊዮን አካባቢ፣ ከርከሮ የበቆሎ ማሳ የሚያርስበት ገጠር ነው። ጎረቤቶቼ ሁሉ አዳኞች ናቸው። እኔም ተፈትኜ የአደን ፈቃድ አወጣሁ። ከዚያ አንድ ያገለገለ ግማሽ አውቶማቲክ ብራውኒንግ ጠመንጃ አገኘሁ፣ ሰደፉ እንደ መስታወት ያበራል። ከአባቱ የወረሰው ሰውዬ "ሲ ምድብ ነው፣ አዳኝ ሁሉ የሚይዘው" አለኝ። ቀብድ ሰጠሁ።

እዚያ መሣሪያ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ ተብሎ ይመደባል። ኤ ለኛ ቢጤ የማይታሰብ ነው። ቢ የመንግሥት ፈቃድ ይፈልጋል፣ ለአደን ብለህ አታገኘውም። ሲ የአደን ፈቃድ ላለው ሰው ነው፣ ገዝቶ ያስመዘግባል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2018 ወዲህ ደግሞ ሁለት ሰዎች እርስ በርስ ተስማምተው ብቻ መገበያየት ቀርቷል፣ መሣሪያ ነጋዴ ዘንድ መሄድ አለ።

ሄድን። ሽማግሌው ነጋዴ ጠመንጃውን ገለበጠው። ከቃታው ፊት ያለውን ክዳን ከፈተ፣ በአውራ ጣቱ ካዝናውን ነቀለና ጠረጴዛው ላይ ቸብ አደረገው።

"ቢ" አለ። በቃ!

ጠመንጃው ያው፣ ጥይቱ ያው፣ ከርከሮውም ያው ከርከሮ። ካዝናው የማይነቀል ቢሆንና በጠቅላላው ከ3 ጥይት ባይበልጥ፣ ማለትም 2 ካዝናው ውስጥ 1 የጎረሰ፣ ሲ ይሆን ነበር። እኔ ጨዋ ሰው ነኝ፣ ሁለት ብቻ ነው የምሞላው ብዬ ብማልም፣ ሻጩ አባቴ ዕድሜ ልኩን ያደነበት ነው ብሎ ቢለማመጥም፣ የሽማግሌው መልስ አንድ ነው፤ "ይወልቃል ወይስ አይወልቅም?" ይወልቃል። ጠመንጃው እዚያው ቀረ። ቀብዴ የተመለሰው ከስንት ጭቅጭቅ በኋላ ነው።

እኛ ጋም አዋጅ አለ፣ 1177/2012፣ ያለ ፈቃድ መያዝ አይቻልም። ግን አያቴ መንደር ሰው ስለ ጠመንጃ ሲያወራ ስለ ካዝና አይጠይቅም። የማን ነው? ማን ይዞት የት ዋለ? ነው ወሬው። በዚህ ዓይነት ወሬ ያደገ ሰው በአንዲት ቁራጭ ብረት ሲመዘን ያማል። እውነቱን ለመናገር ደግሞ ቀንቻለሁ። ሽማግሌው ማን እንደሆንኩ፣ ማንን እንደማውቅ ግድ አልነበረውም።

ስንወጣ ግድግዳው ላይ አንድ አሮጌ ጠመንጃ አየሁ። ደነገጥኩ። ውጅግራ! የአያቴ ውጅግራ! ስሙ እንኳ የመጣው ከእነሱው ፉዚ ግራ ነው፣ የ1874 ሞዴል፣ ዓድዋ ላይ የተተኮሰው።

"ይሄስ?" አልኩት።

"ዲ። ከ1900 በፊት የወጣ ሞዴል ነው። 18 ዓመት ከሞላህ ወረቀት አያስፈልግህም፣ ውሰደው።"

አጎቴ እዚህ ላይ ስኒያቸውን አስቀመጡ።

"ታዲያ ይዘኸው አትመጣም ነበር?"

"ቦሌ ላይ ምን ልበል ጋሼ?"

"የአባቴ ነው፣ ፈረንሳይ ደርሶ መልስ ነው በላ!"