ሌሊቱን ጠይቁን

ደሴ ላይ ክረምት ሲገባ ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ደጃፍ ይቆማል፤ የልጅ ሳልም በየቤቱ ይሰማል። የአራት ዓመቱ ልጄ ማሳል ሲጀምር ታዲያ ማንም አልደነገጠም። «አብሽሩ፣ ብርድ ነው» አሉን ጎረቤቶቻችን። አብሽር የወሎ ሰው ያዘነውን የሚያጽናናበት፣ የታመመውን የሚያበረታበት ደግ ቃል ነው። እኛን ግን ያን ጊዜ የልጃችን ሕመም አስም መሆኑን ሳናውቅ ስምንት ወር አዘገየን።

ልጁ ቀን ቀን ይሮጣል፣ ይጫወታል፣ ይበላል። ሌሊት 9 ሰዓት ገደማ ደረቅ ሳል ይቀሰቅሰዋል። ተነሥቶ ይቀመጥና ትራሱን አቅፎ፣ ትከሻው ወደ ላይ እየተሳበ ያስላል። ጆሮዬን ጀርባው ላይ ስለጥፍ ቀጭን ፉጨት እሰማለሁ። ጠዋት ጤና ጣቢያ ስንደርስ ሳሉም ፉጨቱም የለም። ባለሙያው ያዳምጠውና «ደረቱ ንጹሕ ነው» ብሎ ሽሮፕ ያዝልናል። የጨረስናቸው የአንቲባዮቲክ ጠርሙሶች መስኮቱ ላይ አምስት ሆነው ተደረደሩ።

በሽታው ሌሊት እየመጣ፣ ሐኪሙ ልጁን ቀን የሚያየው ከሆነ ምስክሩ ወላጅ ነው፤ ከወላጅም አብራ የምታድረው እናት። ያን ሁሉ ወር ግን «ሌሊቱን እንዴት ያድራል?» ብሎ የጠየቀን አልነበረም። አስም የአየር ቧንቧ ሲቆጣና ሲጠብ የሚመጣ ሕመም ነው። ሌሊት የሚብሰውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሰውነት ራሱ የሚያመነጨው፣ ቁጣውን የሚያበርደው ሆርሞን በዚያ ሰዓት ይቀንሳል፣ አየሩም ይቀዘቅዛል። ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ደግሞ የትንፋሽ መለኪያ መሣሪያ ውስጥ በወጉ መንፋት አይችልም። ስለዚህ ዋናው ምርመራ የእናት ቃል ነው። በልጆች ካርድ ላይ ከክብደቱና ከሙቀቱ ቀጥሎ የሌሊቱ አዳር ቢጻፍ ምን ይጎዳል?

ባለቤቴ አንድ ሌሊት ሳሉን በሞባይል ቀረጸችው። በኋላ ያገኘናት ዶክተር ቪዲዮውን ሁለት ጊዜ አየችና ትጠይቀን ጀመር። ሲስቅ ያስላል? ሲሮጥስ? ቆዳውን ያሳክከዋል? ከቤተሰብ አስም ያለበት አለ? «የለም» አልን። ወደ ቤት ስንመለስ ነው አባቴ ትዝ ያለኝ። ዕድሜውን ሙሉ «ደረቴን ያዘኝ» ሲል ኖሯል፤ ስሙን ግን የጠራው የለም። አስም ማለት እንደ እርግማን ይፈራል፤ ለሴት ልጅ ትዳር ያበላሻል ብለው የሚደብቁም አውቃለሁ።

የሌሊት ሳል ሁሉ አስም ነው አልልም። ቤት ውስጥ ከሁለት ሳምንት በላይ የሚያስል ሰው ካለ፣ ወይም ልጁ ከከሳ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ያስፈልገዋል። ትክትክም አለ። ለውዝ ትን ብሎት የጀመረ ሳልም አለ። ጎድኑ ሥር እየሰረጎደ ከተነፈሰ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም መናገር ካቃተው ግን እስኪነጋ አይጠበቅም። «እንጥሉ ወርዶ ነው» ብሎ ሕፃን ማስቆረጥን በተመለከተ የምለሰልስበት ነገር የለኝም፤ ደም ያፈስሳል፣ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ ሳሉን አያድንም።

ጭሱ ደግሞ የራሳችን ጉዳይ ነው። ደላንታና ወረኢሉ እንጨት ስለጠፋ ኩበት ይነድዳል፤ ሕፃኑም ምድጃው አጠገብ ይተኛል። እኛ ቤት ጥፋቱ ዕጣኑ ነበር። ከእራት በኋላ ቡና ይፈላል፣ ከአቦል እስከ በረካ ይጨሳል፣ ልጁ እዚያው ክፍል ውስጥ አንቀላፍቷል። ቡና ያለ ዕጣን እንደማይጥም አውቃለሁ። አማቴን «እማማ፣ ማጨሻውን በረንዳ ላይ እናድርገው» ስላቸው አኮረፉ፤ በሁለተኛው ሳምንት ግን ራሳቸው አወጡት።

ዶክተሯ ያዘዘችው በአፍ የሚሳብ መድኃኒት ነው። አንዱ፣ ሳልቡታሞል የሚባለው፣ ሲያፍነው የሚያስተነፍሰው ነው። ሌላው፣ ቤክሎሜታዞን የሚባለው፣ የአየር ቧንቧው እንዳይቆጣ በየቀኑ በትንሽ መጠን የሚወሰድ ነው። «ይለምድበታል፣ ሱስ ይሆናል» ያለን ሰው ብዙ ነው፤ ሱስ አያስይዝም። ትንሽ ልጅ መድኃኒቱ ሲረጭ እኩል መሳብ ስለማይችል መሳቢያ ዕቃ ያስፈልገዋል። እሱም ከጠፋ የግማሽ ሊትር የውሃ ፕላስቲክ ሥሩ በመድኃኒቱ መርጫ አፍ ልክ ተበስቶ ይሠራል። ልጄ በዚያ ነው የሚስበው፤ «አውሮፕላኔ» ይለዋል።

ሳልቡታሞሉን በቀላሉ አገኘሁት። በየቀኑ የሚወሰደውን ግን ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ መድኃኒት ቤት ለመድኃኒት ቤት ዞሬ ነው ያመጣሁት። ሁለቱም ዓይነት በዓለም የጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ያሉ ናቸው። ለአንድ መድኃኒት ይህን ያህል መንገድ መዞር የማይችል የደላንታ ገበሬ ከየት ያመጣዋል? የዞን ጤና መምሪያዎቻችን ይህን እንዲመልሱልኝ እጠይቃለሁ።