ሐሚልተን ዕዳውን ከፍሎ አልጨረሰም

ስለ መጀመሪያው የአሜሪካ የገንዘብ ሚኒስትር ያነበብኩት ጽሑፍ ጥሩ ነው፤ ግን «አሌክሳንደር ሐሚልተን የነፃነት ጦርነቱን ዕዳ ከፍሎ ጨረሰ» የሚለው ይታረም። ያደረገው ዕዳውን በአዲስ ቦንድ (መንግሥት ወለድ እየከፈለ በሚበደርበት ወረቀት) ለውጦ ወለዱ ሳይቋረጥ እንዲከፈል ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

በኦገስት 1790 በወጣው ሕግ፣ ዋናው 300 ዶላር የሆነ አሮጌ የፌዴራል ዕዳ ወረቀት የያዘ ሰው ያንን አስረክቦ ሁለት ዓይነት ቦንድ ይቀበላል፦ 200ው ወዲያው 6 በመቶ ይወልዳል፣ 100ው ግን እስከ 1801 ምንም አይወልድም። በየሦስት ወሩ እጁ የሚገባው እንግዲህ 3 ዶላር ነው። ሳይከፈል የተጠራቀመው ወለድ በ3 በመቶ ቦንድ ተተካ። የፌዴራሉ መንግሥት ለተረከበው የግዛቶቹ ዕዳ ስሌቱ ሌላ ነበር፤ አንድ ሦስተኛው በ3 በመቶ ቦንድ ነው የተለወጠው።

ቅሬታው የመጣው ወረቀቱን ማን እንደያዘው ሲታይ ነው። ብዙ ወታደሮች ቸግሯቸው በርካሽ ለነጋዴ ሸጠውት ነበር። የምክር ቤት አባሉ ጄምስ ማዲሰን ትርፉ ለመጀመሪያው ባለቤትም ይድረስ ቢል ምክር ቤቱ 36 ለ13 ጣለው። ሐሚልተን እዚህ ላይ ትክክል ይመስለኛል (ጨካኝ ቢመስልም)፤ ሲሸጥ መብቱ የሚሸራረፍ ወረቀት ማን በሙሉ ዋጋ ይገዛል?

የወለዱ ገንዘብ በዋናነት ከገቢ ዕቃ ቀረጥ ነበር። በ1791 የተጨመረው የውስኪ ግብር ግን እህላቸውን በተራራ ማሻገር ስለሚከብዳቸው ውስኪ ያወጡ የነበሩትን የምዕራብ ፔንሲልቬኒያ ገበሬዎች በ1794 ለአመፅ አነሳሳ።

የፌዴራሉ ዕዳ ተከፍሎ ያለቀው በ1835፣ በፕሬዚዳንት ጃክሰን ዘመን ነው።