መድረክ የነፈግነውን ባንድ መድረክ አያውቅም ማለት

በማኅበራዊ ሚዲያ ስሙ የገነነ አንድ የወጣቶች ባንድ ባለፈው ወር የመጀመሪያ ትልቅ ኮንሰርቱን ካቀረበ በኋላ፣ አንድ የሙዚቃ ሐያሲ በኤፍኤም ሬዲዮ የሰጡትን አስተያየት ሰምቼ ዝም ማለት አልቻልኩም። እንደ እርሳቸው አባባል ልጆቹ ከስልክ ወጥተው መድረክ ላይ ሲታዩ ባዶ ናቸው፤ የቀድሞዎቹ ባንዶች ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የበቁ ነበሩ። በዚያ ምሽት እኔም አዳራሹ ውስጥ ነበርኩ።

እርግጥ ነው፣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዘፈኖች ቤዙ የድምፃዊቷን ድምፅ ውጦት ነበር፤ ድራም መቺውም ተጣድፎ ጓደኞቹን ጥሏቸው ሄዷል። አራተኛው፣ በአንቺሆዬ ቅኝት የሠሩት የራሳቸው ዘፈን ሲጀመር ግን ሳክስፎኒስቱ ወደ ጊታሪስቱ ዞሮ በልምምድ ያልተዘጋጀ የሚመስል ዜማ ወረወረለት፤ ጊታሪስቱ ተቀብሎ መለሰለት፤ ሲመላለሱ ድራሙ ረጋ፣ ቤዙም ቦታውን ያዘ። ስልኩን ከፍ አድርጎ ሲቀርጽ የነበረው ከፊቴ የቆመ ሰው ሁሉ እጁን አወረደ። ሐያሲው ይህን ካልሰሙ ቀድመው ወጥተዋል ማለት ነው፤ ሰምተው ከዘለሉት ደግሞ ለአድማጫቸው እውነቱን አልነገሩም።

ይበልጥ ያስቆጣኝ ግን የቀድሞዎቹ ከመጀመሪያው ቀን የበቁ ነበሩ የሚለው ነው። ይህ አድናቆት ይምሰል እንጂ የእነዚያን ሰዎች ልፋት መሰረዝ ነው። የክብር ዘበኛና የፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራ ሙዚቀኞች ደመወዝ፣ መሣሪያና የልምምድ ቦታ ነበራቸው፤ ሙዚቃ የዕለት ሥራቸው ነበር። ዋልያስ ባንድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ አሜሪካ ከመጓዙ በፊት በአዲስ አበባ ሂልተን ለዓመታት ተጫውቷል። በደርግ ዘመን በሰዓት እላፊ ምክንያት ክለብ የገባ ሰው እስኪነጋ መውጣት ስለማይችል ሙዚቀኞቹም እስከ ንጋት ይጫወቱ ነበር። እስቲ ይታሰብ፦ እንዲህ የሚሠራ ባንድ በአንድ ሳምንት ውስጥ መድረክ ላይ የሚያሳልፈው ሰዓት የዛሬ ወጣት ባንድ በዓመት ከሚያገኘው ይበልጣል። ታዳሚ ሲሰለች ምን እንደሚደረግ፣ ድምፃዊ ሲደክመው ኪቦርዱ እንዴት እንደሚሸፍንለት፣ ማን መቼ ዝም ማለት እንዳለበት የሚታወቀው በዚህ ሰዓት ብዛት ነው። የሳቱት ዜማ፣ የተጣደፉት ምት፣ የተበላሸባቸው ምሽት ስፍር ቁጥር አልነበረውም፤ ለእኛ የደረሰን ከዚያ ሁሉ በኋላ ተቀርጾ የቀረው ብቻ ነው። ሐያሲው የሌሎችን አሥረኛ ዓመት ከእነዚህ ልጆች የመጀመሪያ ምሽት ጋር አስተያይተው ፍርድ ሰጡ። ይህ ሂስ አይባልም።

ዛሬ ወጣት ባንድ የት ይሳሳት? በጣይቱ ሆቴል የነበረው የጃዝ ክለብ ጃዝአምባ ጥር 2007 ዓ.ም. በተነሣው እሳት ከሆቴሉ ጋር ተቃጠለ። ካዛንቺስ የነበረው የሙዚቃና የባህል ቤት ፈንድቃ በ2017 ዓ.ም. በመልሶ ማልማት ፈረሰ። በቀሩት ቤቶች ደግሞ ባንድ የሚቀጠረው የታወቁ የቆዩ ዘፈኖችን እንዲጫወት ነው። እኔ በአንድ ሆቴል ባር ውስጥ ቤዝ በተጫወትኩባቸው አራት ዓመታት የራሳችንን ዘፈን እንድናቀርብ የተፈቀደልን ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ ሥራ አስኪያጁ ሳንጨርስ አስቁሞናል። እንዲህ ባለ ከተማ የራሱን ሥራ ይዞ የሚነሣ ወጣት ጓዳው ውስጥ ተጫውቶ በስልክ ከመልቀቅ ሌላ ምን በር ተከፍቶለታል? ስልኩን ልጆቹ ከመድረክ አስበልጠው አልመረጡትም። መድረክ ነፍገናቸው ስናበቃ በስልክ ታወቁ ብሎ መክሰስ ግፍ ነው።

ኮንሰርቱ አልቆ መሣሪያቸውን ሲሸክፉ ቀርቤ የሚቀጥለው መቼ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ድምፃዊቷ ኬብል እየጠቀለለች፣ ሦስት ቤቶችን ጠይቀው ሦስቱም የቆዩ ዘፈኖችን ካልተጫወታችሁ እንዳሏቸው ነገረችኝ።