ይህን ዞኮሎ ማን ሊያነሣው ነው?

የእናቴን ማድ ቤት እያሳደስኩ ነው፤ አቧራው ገና ሳይረግፍ፣ ንዴቴም ሳይበርድ ነው ይህን የምጽፈው። ደሴ ውስጥ የድሮ ጭቃ ቤት ያላችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ፤ ከግድግዳው ግርጌ ዙሪያውን የሚሄደው፣ አሸዋና ሲሚንቶ ተቦክቶ ከሊሾው ጋር አንድ ላይ የተመታው፣ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ክፍሉ ውስጥ የወጣው ዞኮሎ ነው ዛሬ እንዲህ ያቃጠለኝ። ዞኮሎው ራሱ ጥፋት የለበትም። ወለሉ በውሃ ሲታጠብ የጭቃው ግድግዳ ከሥሩ እንዳይርስ ታስቦ የተሠራ ነው፤ ሥራውንም በሚገባ ሠርቷል። የሚያናድደኝ፣ ከመጡት ባለሙያዎች አንድም ሰው ጎንበስ ብሎ ሳያየው ሁሉም ዋጋ መቁረጣቸው ነው።

ግንበኛው ማፍረሱን፣ ሴራሚክ ማንጠፉንና ልስን መጠገኑን ጠቅልሎ ተዋዋለ። ዞኮሎውን ማንሣትም በዚያው ሂሳብ ይገባል ወይ ብዬ ስጠይቀው፣ «አብሽሪ፣ እሱ በአንድ መዶሻ የሚነሣ ነው» አለኝ። በአንድ መዶሻ የሚነሣ ነገር አይደለም! ሲሚንቶው ጠንካራ፣ ጭቃው ለስላሳ ነው፤ ከላይ ያለው ልስን ደግሞ በዞኮሎው ጫፍ ላይ አርፎ የተቀመጠ በመሆኑ፣ በከባድ መዶሻ ሲመታ ንዝረቱ ወደ ላይ ይወጣና ጭቃውን ከነጭዱ ከእንጨቱ ያላቅቀዋል። ይህን ስለማውቅ በትሕትና፣ «ጌታዬ፣ መጀመሪያ የላይኛውን ጠርዝ በግራይንደር ይቁረጡትና ልስኑ ከዞኮሎው ይለይ፤ ከዚያ በመሮ ስንዝር በስንዝር ያንሡት፤ ከኋላው ቧንቧ ሊኖር ስለሚችልም ቀስ ይበሉ» አልኩት።

እናቴ ቡናውን እስከ በረካ ያጠጣችው ሰው፣ በቀን ሠራተኛው ፊት የመለሰልኝ መልስ ይኸውላችሁ።

«እታለም፣ ቤቱ ውስጥ ወንድ የለም? አባወራው ይምጣና ከእሱ ጋር እንነጋገር።»

ቤቱ የእናቴ እንደሆነ፣ የሚከፈለው ገንዘብ ደግሞ የእኔ እንደሆነ ነገርኩት።

«አንቺ መሐንዲስ ነሽ?»

«አይደለሁም። ግድግዳው እንደሚወርድ ግን አውቃለሁ።»

ወደ ረዳቱ ዞሮ ሳቀና መዶሻውን አነሣ። ብዙም ሳይቆይ ከመስኮቱ ሥር ያለው ልስን በሙሉ ወለሉ ላይ ተዘረገፈ፤ እርሱም እኔን ማየት ትቶ ለእናቴ፣ «እማማ፣ ቤቱ አርጅቷል፤ እኔ ምን ላድርግ?» አላት። ቤቱ አርጅቶ አይደለም የወረደው። ይህ ግድግዳ ከጦሳ ተራራ ሥር ቆሞ፣ የሐምሌንና የነሐሴን ዝናብ ከእኔ ዕድሜ በላይ ለሆነ ዘመን የቻለ ግድግዳ ነው፤ ያወረደው መዶሻው ነው።

ከወረደ በኋላ ደግሞ ያ የለመንኩት ግራይንደር መጣ። ውሃ ጠብ ሳይደረግበት፣ በሩ ወደ ሳሎን ተከፍቶ፣ ደረቁን ተቆረጠ። የሲሚንቶና የአሸዋ አቧራ ውስጥ ያለው ሲሊካ ሳንባን እንደሚጎዳ፣ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም በ1997 እ.ኤ.አ. ከካንሰር አምጪዎች ተራ እንደመደበው እያወቅሁ፣ ያ ረዳት ልጅ አፉን በፎጣ ብቻ ሸፍኖ ሲቆርጥ ማየት ከራሴ ንዴት በላይ አሳመመኝ። ማስክ አምጥቼ ሰጠሁት። አለቃው ግን «ይለምደዋል» አለ። ሳንባ አቧራ አይለምድም!

ስለ አናጺው ሳልናገር ብቀር ደግሞ እንቅልፍ አይወስደኝም። ባለፈው ወር መጥቶ ካቢኔቱን ሲለካ፣ ሜትሩን የዘረጋው በደረቱ ከፍታ፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ነበር፤ 2 ሜትር ከ40 አገኘና ልክ በዚያው ቆረጠው። ከታች ግን በግራና በቀኝ ዞኮሎ አለ፤ ከሁለቱም በኩል 3 ሴንቲ ሜትር ሲነሣ የሚቀረው 2 ሜትር ከ34 ነው። ካቢኔቱ አልገባም። ከመሬት አጠገብ መለካት፣ ወይም የካቢኔቱን ጎን በዞኮሎው ልክ ከሥሩ ቆርጦ መቀነስ ሙያው የሚጠይቀው ተራ ነገር ነበር። ስደውልለት፣ «ዞኮሎ የግንበኛ ሥራ ነው፤ አስነሺና ጥሪኝ» ብሎ ዘጋው። ግንበኛው ደግሞ «ያላነሣሁት ካቢኔቱ ይገባል ብዬ ነው» ይላል። በመካከላቸው እናቴ ምድጃዋን በረንዳ ላይ አውጥታ በብርድ ወጥ ትሠራለች። የደሴን የማለዳ ብርድ የማያውቅ ሰው ይህን እንደ ቀላል ነገር ያነብበው ይሆናል።

አሁን ማታ ግንበኛው ደውሎ ምን እንዳለ ታውቃላችሁ? የወረደውን ቦታ በሲሚንቶ ሊለስነው ፈልጎ፣ ለሲሚንቶና ለአሸዋ ተጨማሪ ክፍያ ጠየቀኝ። ጭቃ ላይ ጠንካራ ሲሚንቶ ሲለጠፍ በደንብ አይያያዝም፤ ከመሬት የሚወጣው እርጥበት መውጫ አጥቶ ከኋላው ይታመቅና ጭቃውን ያላሽቀዋል፤ ከጥቂት ክረምት በኋላ ሽፋኑ ራሱ ተገንጥሎ ይወድቃል። ይህንንም ነገርኩት። «እንግዲህ አባወራው ሲመጣ እንነጋገራለን» አለኝ፤ አሁንም!

አባወራው አይመጣም። ቀሪው ክፍያ እኔ ዘንድ ነው ያለው፤ የወረደውን ግድግዳ በጭድ በተቦካ ጭቃ እንደነበረው ሳይመልስ፣ የቀረውንም ዞኮሎ በመሮ ሳያነሣ አንድ ብር አልሰጠውም። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ጭቃ ቤት የሚያውቅ፣ ዋጋ ከመናገሩ በፊት ጎንበስ ብሎ ግርጌውን የሚያይ ግንበኛ የምታውቁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ስልኩን በውስጥ መስመር ላኩልኝ።