ላኪው የሚያስበው፣ ተቀባዩ የሚሰካው

ከአሜሪካ ተነስቶ ቦሌ የሚያርፍ ሻንጣ ውስጥ ከልብሱና ከመድኃኒቱ መሃል አንድ ላፕቶፕ ወይም ስልክ አይጠፋም፤ ታናሽ ወንድም ያለበት ቤት ከሆነ ደግሞ ፕሌይስቴሽን ይጨመርበታል። ላኪው ከራሱ ቀንሶ፣ ቅናሽ ጠብቆ ነው የገዛው። ችግሩ የመረጠው በሚኖርበት አገር ልክ መሆኑ ነው። እዚህ አሜሪካ መብራት አለ፣ ፈጣን ኢንተርኔት አለ፣ ጌም የሚገዛበት ካርድ ኪስ ውስጥ አለ፣ የተበላሸ ዕቃ በዋስትና ይቀየራል። ዕቃው ውቅያኖስ ሲሻገር እነዚህ አራቱ አብረውት አይሻገሩም። አገር ቤት ገብቶ ሳይሠራ መሳቢያ ውስጥ የቀረ ስንት ዕቃ አለ፤ ከነዚህ አንዱ ስለጎደለበት ብቻ።

ከመብራቱ እንጀምር። ሰሜን አሜሪካ የሚሠራው በ120 ቮልትና በ60 ኸርዝ ነው፤ ኢትዮጵያ በ220 ቮልትና በ50 ኸርዝ። የላፕቶፕና የስልክ ቻርጀር እምብዛም አያሰጋም፤ ጀርባው ላይ በደቃቁ «100–240» ተብሎ ከተጻፈ ሁለቱም ጋ ይሠራል። ብዙ ሰው ይህን አንብቦ ይረካና ገመዱን ይረሳዋል። ከቻርጀሩ እስከ ግድግዳው የሚደርሰው የአሜሪካ ገመድ ላይ ግን ብዙ ጊዜ የተጻፈው 125 ቮልት ነው። አገር ቤት ሲደርስ ጠፍጣፋ ጥርሱ በርካሽ መቀየሪያ ላይ ይሰካና ግድግዳው ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። መቀየሪያው ይላላል፣ የላላው ይሞቃል፣ የሞቀው ይጠቁራል። ገመዱ ከቻርጀሩ የሚነቀል ከሆነ መፍትሔው ቀላል ነው፦ በአንድ ጫፉ ተመሳሳይ፣ በሌላው ባለ ሁለት ክብ ጥርስ የሆነና 250 ቮልት የተጻፈበት ገመድ አገር ቤት ገዝቶ መተካት። በዚያው ኧርዝ (የመሬት መስመር) ያለው ቢሆን ይመረጣል። ላፕቶፑ ቻርጅ ላይ ሆኖ የብረት አካሉ እጅን ነዘር ነዘር የሚያደርገው ብዙውን ጊዜ ኧርዝ ስለሌለ ነው። በቻርጀሩ ውስጥ የኤሌክትሪክ ረብሻን የሚያጣሩ ትንንሽ ካፓሲተሮች አሉ፤ በእነሱ በኩል የምታልፈው ጥቂት ኤሌክትሪክ መሬት የምትገባበት ስታጣ በሰው በኩል ትሞክራለች። መጠኗ ትንሽ ስለሆነች ጤነኛ ቻርጀር ላይ ለአደጋ አትሰጥም፤ ኧርዝ ሲገኝ ደግሞ ትጠፋለች።

ፈጽሞ መላክ የሌለበት አንድ ዕቃ ቢኖር የአሜሪካ ዲቫይደር ነው፤ በተለይ ሰርጅ ፕሮቴክተር ተብሎ የሚሸጠው። ገዢው «ዕቃቸውን ይጠብቅላቸው» ብሎ ነው የሚልከው። ውስጡ ቫሪስተር የሚባል ትንሽ ክብ ክፍል አለ፤ ሥራው ከልክ ያለፈ ቮልቴጅ ሲመጣ ወደ ራሱ ስቦ ማሳለፍ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚገጠመው ለ130 ቮልት ገደማ የተሠራ ነው። 220 ቮልት ላይ ሲሰካ ኤሌክትሪኩ በየሰከንዱ መቶ ጊዜ ከ300 ቮልት የሚያልፍ ጫፍ ይነካል፤ ለቫሪስተሩ ይህ የማያባራ መብረቅ ነው። ይግላል፣ ፊውዙ ካልቀደመው ደግሞ ይጨሳል፣ ፕላስቲኩን ያቀልጣል። የተሰካበት ኮምፒውተር ምንም ሳይሆን ማከፋፈያው ራሱ ቤት ሊያቃጥል ይችላል።

የዴስክቶፕ ፓወር ሰፕላይ ጀርባ ላይ ቀይ መቀየሪያ ካለ፣ አንዱ ጎን 115 ሌላው 230 ይላል። 115 ላይ እንደተተወ 220 ውስጥ ከተሰካ በአንድ ቅጽበት ይፈነዳል፤ ቀድመው የሚሄዱት የመግቢያው ካፓሲተሮችና ፊውዙ ናቸው። ሻንጣው ከመዘጋቱ በፊት መቀየሪያው ወደ 230 ተዞሮ በፕላስተር ይለጠፍበት። መቀየሪያ የሌላቸው አዳዲሶቹ ብዙዎቹ ራሳቸው ያውቃሉ፤ ያም ቢሆን ጽሑፉ ይነበብ። ፕሌይስቴሽን 4 እና 5 ከ100 እስከ 240 ባለው ይሠራሉ። የአሜሪካው ኤክስቦክስ 360 ግን በውጭ ያለው ትልቁ ፓወር ሰፕላይ እስከ 127 ቮልት ብቻ ነው የሚችለው፤ ኤክስቦክስ ዋን የመጀመሪያውም እንዲሁ። ሌዘር ፕሪንተር አይላክ፤ ውስጡ ያለው ማሞቂያ ለአንድ ቮልቴጅ የተሠራ ነው። አንዳንድ የቀለም ፕሪንተሮች ደግሞ የሌላ አካባቢ ቀለም አይቀበሉም፤ የአሜሪካው ቀለም ሲያልቅ አገር ቤት የሚሸጠው አልገባ ይላል። ዩፒኤስም (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚይዘው) የ120 ቮልቱ አይሠራም፤ በዚያ ላይ በእርሳስ ባትሪ የከበደ ነው፤ ገንዘቡን ልኮ እዚያው ማስገዛት ይሻላል።

መብራት ሲጠፋ ዕቃውን ነቅሎ፣ ከመጣ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ መሰካት አገር ቤት ያለ ሰው ማንም ሳይነግረው የሚያውቀው ነው፤ እዚህ የኖረ ሰው ግን እረፍት ሲሄድ ይዘነጋዋል። የአካባቢው ፍሪጅና ሞተር ሁሉ አንድ ላይ ሲነሳ ቮልቴጁ መጀመሪያ ይወርዳል፣ ከዚያ ይዘላል። ጉዳቱ ከመጥፋቱ ይልቅ በመምጣቱ ጊዜ ይበዛል።

በዚህ ሁሉ ምክንያት ለአገር ቤት ከዴስክቶፕ ላፕቶፕ ይበልጣል፤ ከአዲስና ስስ ላፕቶፕ ደግሞ ያገለገለ የመሥሪያ ቤት ላፕቶፕ። በዋጋው ብቻ አይደለም። በስሶቹ ላይ ራሙ ከማዘርቦርዱ ጋር ተበይዷል፣ ባትሪው በማጣበቂያ ተይዟል። እዚህ ሲበላሽ ቦርዱ በሙሉ ይቀየራል፤ አገር ቤት ያ ቦርድ የለም። የመርካቶ ሙያተኛ ማጉያው ሥር አድርጎ፣ በሆት ኤር (በሞቃት አየር) አንዲት ቺፕ አንስቶ ሌላ የሚተካ ሰው ነው፤ ይህ ችሎታ ዋጋ የሚኖረው ዕቃው የሚፈታ ሲሆን ነው። አሜሪካ ውስጥ የመጠገን መብት ሕግ ሆኖ በኒው ዮርክ ሥራ ላይ የዋለው በ2023 መጨረሻ፣ በካሊፎርኒያ ደግሞ በሐምሌ 2024 ነው (ዓመቶቹ እዚህም ከዚህ በኋላም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። አገር ቤት ግን ሕግ ሳይኖር፣ በእጅ ጥበብ ብቻ ሲሠራበት ኖሯል።

አንድ ምሳሌ ልጥቀስ፤ በ2018 የወጣው ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ480። ራም የሚገባበት ሁለት ቦታ አለው፣ ኤስኤስዲውም (ፋይሉ የሚቀመጥበት) የሚፈታ ነው። ባትሪው ሁለት ነው፤ አንዱ ውስጥ፣ አንዱ ከኋላ በእጅ የሚነቀል። የኋላው ሲያልቅ ላፕቶፑ ሳይጠፋ ይነቀልና ሌላ ይሰካበታል፤ የውስጡ ይይዘዋል። ረጅም የመብራት መቋረጥ ላለበት ሰፈር ከዚህ የተሻለ አሠራር አላውቅም። ፕሮሰሰሩ ስምንተኛው ትውልድ ኢንቴል ከሆነ ዊንዶውስ 11ን በይፋ ይቀበላል፤ ከዚያ በታች ያሉት ከጥቂቶቹ በቀር አይቀበሉም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። የታወቀ ጉድለትም አለው፦ የተንደርቦልት (የዩኤስቢ-ሲ መሰኪያው) ፈርምዌር፣ ማለትም የውስጥ ፕሮግራሙ፣ አሮጌው ከሆነ ከጊዜ በኋላ በዩኤስቢ-ሲ ቻርጅ ማድረግ ያቆማል። አምራቹ ማስተካከያ አውጥቷል፤ ከመላኩ በፊት እዚህ፣ ፈጣን መስመር ላይ ይጫንለት።

ያገለገለ ሲገዛ ከጭረትና ከባትሪ በላይ የሚፈራው ቁልፍ ነው። ከኩባንያ የወጣ ላፕቶፕ የባዮስ ፓስወርድ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚሠራው ፕሮግራም ቁልፍ) ሊኖረው ይችላል፤ ወይም የኩባንያው መዝገብ ውስጥ እንዳለ ሊሸጥ ይችላል። እንዲህ ያለው ማክቡክ በደንብ ሲሠራ ይቆይና ተጠርጎ እንደገና ኢንተርኔት ሲነካ የማያውቁትን መሥሪያ ቤት የይለፍ ቃል ይጠይቃል። ማረጋገጫው አንድ ነው፦ ሙሉ በሙሉ መጥረግ፣ ከዋይፋይ ማገናኘት፣ እስከ መጨረሻው ማስጀመር። ስልክም እንዲሁ። ላኪው ከአይክላውድ ወይም ከጉግል አካውንቱ ሳይወጣ ከጠረገው ተቀባዩ ጋ ሲደርስ የተቆለፈ ጡብ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ የላኪው የይለፍ ቃል ካልተገኘ አይከፈትም። በቴሌኮም ኩባንያ የክፍያ ውል የተወሰደ ስልክ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሌላ ኩባንያ ሲም አይቀበልም። ከአይፎን 14 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጡት የሲም ማስገቢያ የላቸውም፤ ኢሲም (ስልኩ ውስጥ የተሠራ፣ የማይወጣ ሲም) ብቻ ናቸው። ለእናት የሚላክ ከሆነ ይህን አስቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል። ሲም አውጥቶ ሌላ ስልክ ላይ መክተት የለመደ ሰው ነው የሚቀበለው።

ፓወር ባንክ በሚጫን ሻንጣ አይገባም፤ በእጅ ነው የሚያዘው፣ ያለ አየር መንገዱ ፈቃድ እስከ 100 ዋት-ሰዓት። 20,000 ሚሊአምፔር-ሰዓት የሚለው በ3.7 ቮልት ሲባዛ 74 ዋት-ሰዓት ስለሆነ ያልፋል፤ 30,000 የሚለው ግን 111 ይሆናል።

አሁን ወደ መስመሩ። እዚህ በ300 ሜጋቢት መስመር መቶ ጊጋባይት ጌም በሦስት ሩብ ሰዓት ገደማ ይወርዳል። በ4 ሜጋቢት መስመር ያው ጌም ያለማቋረጥ 55 ሰዓት ይፈልጋል፤ መብራቱ ስለሚቋረጥ ደግሞ ይበልጣል። ስለዚህ ጌሙ በሻንጣ ይሂድ። በስቲም (የኮምፒውተር ጌም በሚሸጥበትና በሚወርድበት) ከሆነ በተቀባዩ አካውንት እዚህ ይወርድና የጌሙ ፎልደር ወደ ውጫዊ ኤስኤስዲ ይገለበጣል። እዚያ ስቲም ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በቦታው ይቀመጥና «ጫን» ሲባል ያለውን አግኝቶ የጎደለውን ብቻ ያወርዳል። የሚሳሳተው ሰው መጀመሪያ «ጫን» ብሎ ቀጥሎ የሚገለብጠው ነው። በአንድ ቤት ሁለት ኮምፒውተር ካለ ስቲም ከ2023 ጀምሮ ከአንዱ ወደ ሌላው በቤት መስመር እንዲተላለፍ ያደርጋል።

መጫወቱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እዚያ የሚያስፈልገው የማውረድ ፍጥነት ሳይሆን ዝቅተኛ ፒንግ ነው፤ ፒንግ ማለት መልእክት ጌሙን የሚያስተናግደው ሰርቨር ጋ ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በአንድ ሚሊሰከንድ 200 ኪሎሜትር ገደማ ይሄዳል። ሰርቨሩ ፍራንክፈርት ቢሆን ከአዲስ አበባ በቀጥታ 5,300 ኪሎሜትር አካባቢ ነው፤ ደርሶ መልስ ቢያንስ 53 ሚሊሰከንድ። ገመዱ ደግሞ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ኢትዮጵያ ባሕር ስለሌላት በጎረቤት አገር አልፎ፣ በጅቡቲ በኩል ከሆነ ቀይ ባሕርንና ግብፅን ተከትሎ ነው። ስለዚህ ከመቶ በላይ መሆኑ አይግረም። ሰርቨራቸውን ባሕሬን ወይም ዱባይ ያደረጉ ጌሞች በርቀት ቢቀርቡም ሁልጊዜ አይቀርቡም፤ አንዳንዴ መረጃው አውሮፓ ደርሶ ነው የሚመለሰው። በስም ከመምረጥ ሁለቱንም ለክቶ ትንሹን መያዝ ነው። አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ያለና አዲስ አበባ ያለ የአክስት ልጆች አብረው ሲጫወቱ የአሜሪካውን ሰርቨር መምረጥ አዲስ አበባ ያለውን ያስመታዋል፤ ከ200 በላይ ፒንግ ይዞ ተኩስ አይቻልም። የአውሮፓውን ቢመርጡ ሁለቱም መቶ አካባቢ ይሆናሉ፤ ጨዋታው ጨዋታ ይሆናል።

ሰውን እየቆራረጠ የሚያበሳጨው ግን ብዙ ጊዜ ርቀቱ ሳይሆን ያው ቤት ውስጥ ያለ ስልክ ነው። ፎቶ ወደ ክላውድ ሲጭን መረጃ ከቤት የሚወጣበትን መንገድ ይሞላውና የጌሙ ትንንሽ መልእክቶች ወረፋ ይይዛሉ። ያ ሲቆም ፒንጉ ወዲያው ይወርዳል።

የፕሌይስቴሽን አካውንት ሲከፈት ከአገሮቹ ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ የለችም። ሰው ሁሉ ሌላ አገር ይመርጣል፣ በኋላ መቀየር አይቻልም። የስጦታ ካርዱ አካውንቱ ከተከፈተበት አገር መሆን አለበት፤ የካናዳ ካርድ የአሜሪካ አካውንት ላይ አይገባም። ስለዚህ ላኪው የሚኖርበትን አገር መምረጥ ነው። ዲስክ የማያስገባው ፕሌይስቴሽን 5 ርካሽ ቢሆንም አይላክ። አገር ቤት ዲስክ ከጓደኛ ጓደኛ ይዞራል፣ ተጫውተው ይለዋወጡታል፣ ይሸጡታል፤ ዲጂታሉ ከዚህ ሁሉ ይቀራል።

ትልቁ ልዩነትም እዚህ ላይ ነው። እዚህ ልጁ ክፍሉን ዘግቶ፣ ማዳመጫ አድርጎ፣ ፊቱን ከማያውቀው ሰው ጋር ይጫወታል። አገር ቤት ፕሌይስቴሽን ቤት ውስጥ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ከኋላቸው ተረኛና ተመልካች ቆሞ ነው ኳሱ የሚገባው። የተሸነፈ ይነሳል፣ ያሸነፈ ይቀጥላል። ይህ ጨዋታ ኢንተርኔት አይጠይቅም፣ ወርኃዊ ክፍያም የለውም። ለወንድም የአንድ ዓመት የኦንላይን ደንበኝነት ከመክፈል በዚያ ገንዘብ ሁለተኛ ጆይስቲክ መግዛት ይሻላል። ሲገዛ ግን የፕሌይስቴሽን 4 ጆይስቲክ የፕሌይስቴሽን 5 ጌሞችን አያጫውትም። ዱላው ሳይነካ ተጫዋቹ በራሱ መሄድ ከጀመረ ደግሞ ጆይስቲኩ አይጣል፤ ያለቀው ከዱላው ሥር ያለው ትንሽ ክፍል ነው። አሥራ አራት እግር ነቅሎ አዲስ የሚበይድ ሙያተኛ አገር ቤት አለ፤ ላኪው ክፍሉን ብቻ፣ ሁለት ሦስት አድርጎ፣ ካልሲ ውስጥ ይክተተው።